ከአንድ ሰፌድ ላይ ከፊሉ ሞቶ ከፊሉ ለምን ተረፈ? የሐር ትል ዘረ መሎች ባክቴሪያ ሲገባባቸው የሚያደርጉት

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በግቢዬ ባለች አንዲት ክፍል ኤሪ የሚባለውን የሐር ትል በጉሎ ቅጠል አረባለሁ። በመጨረሻው ዕድሜያቸው ላይ ሳሉ በአንዱ ሰፌድ ላይ የነበሩት ብዙዎቹ መብላት አቆሙ፤ ሰውነታቸው ለሰለሰ፤ አስቀመጣቸው፤ ሞተው ሲያድሩ ጠቁረው ይሸታሉ። ከጎናቸው የነበሩት ግን ምንም ሳይሆኑ ኮኩናቸውን ሠሩ። ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ የበሉትም አንድ ቅጠል ነው። ነፍሳት የበሽታ መከላከያ የላቸውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? ካላቸውስ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ለምን አልሠራም? የተረፉትን ጠንካራ ዘር ናቸው ብዬ ለእንቁላል ላስቀራቸው? ቅጠሉ ላይ አንቲባዮቲክ ብረጭስ?»

መልስ፦

ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ሁለቱን አጣዳፊ ጥያቄዎች ልመልስ። ከታመመው ሰፌድ የተረፉትን ለዘር አያስቀሩ፤ አንቲባዮቲኩንም ይተዉት። እንደዚያ የምልበት ምክንያት የሚገባዎት ግን መካከለኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለአንዱ የሠራው መከላከያ ለወንድሙ ለምን እንዳልሠራ፣ ሲመለስ ነው። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ደስ ያሰኘኝም እሱ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ለዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ነውና።

ነፍሳት የበሽታ መከላከያ የላቸውም የሚባለው ትክክል አይደለም። የሌላቸው አንቲቦዲ ነው፤ አንዴ ያገኛቸውን ተዋሲ ለይተው እንደሚያስታውሱት እንደ እኛ ያሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም የሏቸውም። ከዚያ በመለስ ያለው ብዙው አላቸው፤ እንዲያውም ስለ ራሳችን መከላከያ ከምናውቀው አንዳንዱ ዋና ነገር የተገኘው ነፍሳትን በማጥናት ነው። የእርስዎ ትሎች የሞቱት መከላከያ ስላልነበራቸው ሳይሆን መከላከያቸው ስለተቀደመ ይመስለኛል። ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያመራው ወደዚያ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የገለጹት ምልክት ፍላሸሪ ከሚባለው የሐር ትል በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ሉዊ ፓስተር የፈረንሳይን የሐር ምርት ያወደመውን መቅሠፍት እንዲመረምር በ1865 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተልኮ ነበር። ከዓመታት ድካም በኋላ አንድ ይመስል የነበረው በሽታ ሁለት መሆኑን ለየ፤ አንደኛው ከእናት ወደ ልጅ በእንቁላል የሚተላለፈው ፔብሪን፣ ሁለተኛው አንጀትን የሚያበላሸው ፍላሸሪ ነው። ፍላሸሪን የሚያመጣው አንድ ባክቴሪያ ብቻ አይደለም፤ ቫይረስም መንገድ ሊጠርግለት ይችላል። ስለዚህ ትሉን ሳላይ በሽታው ይህ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የእርስዎን ጉዳይ የምመለከተው በባክቴሪያ የመጣ ነው በሚል መነሻ ነው።

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከቅጠሉ ጋር በአፍ ነው። እዚያ የሚጠብቀው አንጀት ምቹ ቤት አይደለም። የአባጨጓሬ መካከለኛ አንጀት ብርቱ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ ምግቡም ስስ በሆነ የካይቲን ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚያልፍ የአንጀቱን ሕዋሳት በቀጥታ አይነካም። ብዙው ባክቴሪያ እዚያው ያልቃል። ይህንኑ አልካላይን ግን መሣሪያ አድርጎ የሚጠቀም ባክቴሪያ አለ። ባሲለስ ቱሪንጂንሲስ ይባላል፤ መጀመሪያ የተለየው በ1901 በጃፓናዊው ሺጌታኔ ኢሺዋታ ሲሆን፣ የተገኘውም በድንገት ከሚሞቱ የሐር ትሎች ነው። የሚሠራው የፕሮቲን ክሪስታል በአልካላይን አንጀት ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ሕዋሳት ይበሳል፤ በቀዳዳውም እሱና ሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይፈሳሉ። ዛሬ ይኸው ባክቴሪያ አባጨጓሬ ማጥፊያ ሆኖ በየአገሩ ስለሚሸጥ፣ የአትክልት ማሳ አጠገብ የበቀለ ጉሎ ለሐር ትል ሲለቀም ልቤ ይፈራል።

ደም ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ተፋላሚዎች ዘረ መሎቹ አይደሉም። በደሙ ውስጥ የሚንሳፈፉ ሕዋሳት አሉ፤ ባክቴሪያውን ይውጡታል፣ ብዙ ከሆነም ተሰባስበው በመሐላቸው ያፍኑታል። ይህ የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚሁ ጋር ፊኖልኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይነሣል፤ ይህኛውን በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ። የጤነኛ ትል አንዱን የሆድ እግር ጫፍ በንጹሕ መርፌ ወጋ ቢያደርጉ የሚወጣው ጠብታ ጥርት ያለ ነው። ጠብታውን ነጭ ሳህን ላይ ተዉትና ይመልከቱት። በደቂቃዎች ውስጥ ከዳር ጀምሮ ቡናማ መሆን ይጀምራል፤ ቆይቶ ይጠቁራል። ጥቁሩ ነገር ሜላኒን ነው፤ ቁስሉን ይደፍናል፣ በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጠሩት መርዛማ ውሕዶችም ባክቴሪያውን ይገድላሉ። በሕይወት ባለ ትል ቆዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ካዩ መከላከያው ሠርቶ ያለፈበት ቦታ ነው። ትሉ ከሞተ በኋላ መላ ሰውነቱ የሚጠቁረው ግን መበስበስ ነው፤ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

አሁን ወደ ዘረ መሎቹ እንምጣ። ትሉን ቢከፍቱት ከቆዳው ሥርና ከአንጀቱ ዙሪያ ነጭ፣ ልል፣ በቀላሉ የሚቆራረስ ሕብረ ሕዋስ ያገኛሉ። የስብ አካል ይባላል። ምግብ ያከማቻል፤ የእኛ ጉበት የሚሠራውን ብዙ ሥራም ይሠራል። ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲኖችን በብዛት አምርቶ ወደ ደም የሚለቀውም እሱ ነው። በጤናው ጊዜ እነዚህን ፕሮቲኖች የሚያዙት ዘረ መሎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል ማለት ይቻላል። ጥያቄው ማን ይቀሰቅሳቸዋል የሚለው ነው።

የስብ አካል ሕዋስ የሚያውቀው የባክቴሪያውን ግድግዳ ነው። የባክቴሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል ግድግዳው የተሠራው ፔፕቲዶግሊካን ከሚባል ነገር ነው፤ እንስሳ ይህን ነገር አይሠራም። ባክቴሪያው ሲያድግና ሲከፈል ከግድግዳው ቁርጥራጭ ይረግፋል። ቁርጥራጩን የሚይዙ ፕሮቲኖች በነፍሳት ደም ውስጥና በሕዋሶቻቸው ገጽ ላይ አሉ። እንዲህ ያለ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣርቶ የወጣው ከሐር ትል ደም ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1996 ያወጡት ሥራ ነው። የሚደንቀው የመለየት ብቃታቸው ነው። በፔፕቲዶግሊካን ውስጥ ያለችው አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሦስተኛ ቦታዋ ላይ ግራም ኔጌቲቭ ከሚባለው የባክቴሪያ ወገን በአብዛኞቹና በባሲለሶች ዳይአሚኖፒሜሊክ አሲድ፣ እንደ ስታፊሎኮከስ ባሉት ደግሞ ላይሲን ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት አተሞች ብቻ ነው። መከላከያው ግን በዚያች ልዩነት ተመርቶ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ይወስናል።

መንገዶቹን በዝርዝር የምናውቃቸው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ የሐር ትልም የሁለቱም ዘረ መሎች አሉት። አንደኛው አይኤምዲ ይባላል። ዳይአሚኖፒሜሊክ አሲድ ያለበት ቁራጭ የሕዋሱን ገጽ ሲነካ መልእክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይተላለፍና ሬሊሽ የሚባለው ዘንድ ይደርሳል። ሬሊሽ በጤናው ጊዜ ዲኤንኤው ካለበት የሕዋሱ እምብርት፣ ከኒውክለሱ፣ ውጭ የሚቆየው የገዛ ጅራቱ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። መልእክቱ ሲደርስ ጅራቱ ይቆረጣል፤ የፊቱ ክፍል ወደ ኒውክለስ ይገባና ዲኤንኤው ላይ 10 ያህል ፊደላት ያሏትን አጭር ምልክት ፈልጎ ይቀመጣል። ምልክቷ የምትገኘው ከመከላከያ ዘረ መሎች አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላ የዘረ መሉ ግልባጭ የሆነው መልእክተኛ አርኤንኤ ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ይመረታል፣ ወደ ደም ይለቀቃል።

ሁለተኛው መንገድ ቶል ነው። የላይሲኑ ቁራጭ ወይም የፈንገስ ግድግዳ ሲገኝ በደም ውስጥ ኢንዛይም ኢንዛይምን እየቆረጠ ያስነሣና በመጨረሻ ሽፔትስለ የተባለውን ፕሮቲን ቆርጦ ያነቃዋል፤ እሱም በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ቶል ጋር ይገናኛል። ቶል መጀመሪያ የታወቀው በሌላ ሥራ ነበር፤ በፅንሱ ላይ ጀርባና ሆድ የት እንደሚሆን ከሚወስኑት ዘረ መሎች አንዱ ነው። ክርስቲያነ ኑስላይን ፎልሃርትና ኤሪክ ቪሻውስ ስለ ፅንስ አፈጣጠር ላደረጉት ምርምር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። በማግሥቱ ዓመት በስትራስቡርግ ብሩኖ ለሜትር፣ ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ቶል የተበላሸበት ዝንብ በፈንገስ ተወርሶ እንደሚሞት አሳዩ። ብሩስ ቦይትለር ደግሞ በ1998 አጥቢ እንስሳት ላይ የቶል ዘመድ የሆነ ፕሮቲን የባክቴሪያን ምልክት እንደሚለይ አገኘ። ሆፍማንና ቦይትለር የ2011ን የሕክምና ኖቤል ከራልፍ ስታይንማን ጋር ተካፈሉ። ከዝንብ የተጀመረው ነገር የሰው ሕክምና ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ለእርስዎ ግን ከዝንቡ ይልቅ የሚቀርብ ታሪክ አለ። ባክቴሪያ ገዳዮቹ ፕሮቲኖች መጀመሪያ የተገኙት ከእርስዎ ትሎች የቅርብ ዘመዶች ነው። በስዊድን ሃንስ ቡማን የሚመራው ቡድን ሴክሮፒያ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ የእሳት ራት ይጠቀም ነበር፤ ኤሪ የተገኘበትን የሳሚያ ዝርያም በሥራው ውስጥ አካትቷል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የመረጡት በኮኩኑ ውስጥ ተኝቶ የሚከርመውን ፑፓ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ሌላ ፕሮቲን ብዙም ስለማያመርት ባክቴሪያ ሲወጋ አዲስ የሚመጣው ፕሮቲን ወዲያው ይለያል። በ1981 ሴክሮፒን ብለው የሰየሙትን ይፋ አደረጉ። ሴክሮፒን ኤ 37 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው አሉታዊ ቻርጅ ወዳለው የባክቴሪያ ሽፋን ይሳባል፤ እዚያም ይጠመዘዝና ሽፋኑን ያፈርሰዋል።

ይህንን በቤተ ሙከራ ማየት ከባድ አይደለም፤ ተማሪዎችም ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል። አጋር በሚባለው እንደ ጄሊ በሚረጋ ማብቀያ ውስጥ ባክቴሪያ ተቀላቅሎ በሳህን ላይ ይፈሳል፤ ሲረጋ ትናንሽ ጉድጓዶች ይበሱበታል። በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከጤነኛ ትል የተወሰደ የደም ጠብታ፣ በሌላው ደግሞ የሞተ ባክቴሪያ ከአንድ ቀን በፊት ከተወጋ ትል የተወሰደ ጠብታ ይገባል። ሳህኑ ሲያድር ባክቴሪያው አድጎ አጋሩን ያደፈርሰዋል። በጤነኛው ጠብታ ዙሪያ ድፍርሱ እስከ ጉድጓዱ አፍ ይደርሳል። በተወጋው ጠብታ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በማስመሪያ ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዘረ መሎቹ መነሣትና አለመነሣት ነው። ያው ትል፣ ያው ደም፣ በአንድ ቀን ልዩነት ሌላ ሆኗል።

አንድ ቀን ማለቴን ልብ ይበሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዝንብ ላይ በተደረጉት ልኬቶች በአይኤምዲ መንገድ የሚነሣው ዲፕተሪሲን የተባለው ዘረ መል መልእክተኛ አርኤንኤው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከተወጋ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በቶል መንገድ የሚነሣው ድሮሶማይሲን ደግሞ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከዚያ ፕሮቲኑ ተመርቶ በደም ውስጥ እስኪበቃ ሌላ ጊዜ አለ። አሁን በባክቴሪያው በኩል እናስላ። ምቹ ሙቀት አግኝቶ በየ30 ደቂቃው ለሁለት የሚከፈል ባክቴሪያ በ6 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ማለትም አንዱ 4,096 ይሆናል። ወደ ደም የገቡት 10 ከሆኑ 40,960 ናቸው። 1,000 ከሆኑ ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ዘረ መሉ በሁለቱም ትሎች እኩል ፈጥኖ ቢነሣ እንኳ የሚጠብቀው ሥራ እኩል አይደለም።

በእርግጥ የደም ሕዋሳትና ፊኖልኦክሲዴዝ በመሐል ዝም አይሉም። በ2008 የታተመ የዱቄት ጥንዚዛ ጥናት በስታፊሎኮከስ ከተወጉት ጥንዚዛዎች ደም ውስጥ ከ99.5 በመቶ በላይ የሆነው ባክቴሪያ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ እንደጠፋ አሳይቷል፤ ገና ገዳዮቹ ፕሮቲኖች ሳይመረቱ ማለት ነው። ፕሮቲኖቹ የሚደርሱት ከዚያ ያመለጡትን ለመያዝ ነው። ያመለጡት ቁጥር ትንሽ ቢመስልም እንደገና የሚባዙት እነሱ ናቸውና የመጨረሻው ፍልሚያ ከእነሱ ጋር ነው። ገዳዮቹ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ለቀናት የሚቆዩትም ለዚህ ይጠቅማል።

የወንድማማቾቹን ዕጣ በቀጥታ የመረመረው ደግሞ በ2017 የወጣው የዝንብ ጥናት ነው። ዘራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ዝንቦች፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ አንድ ዓይነት መጠን ተወግተው ገሚሶቹ ሞቱ፣ ገሚሶቹ ኖሩ። ተመራማሪዎቹ በየሰዓቱ ባክቴሪያውን እየቆጠሩ ሲከታተሉ መንገዱ የሚለያየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ አገኙ። መከላከያው የባክቴሪያው ቁጥር ከአንድ ወሰን ሳያልፍ የደረሰለት ዝንብ ይተርፋል፤ ወሰኑ ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ፕሮቲን ሞቱን አያስቀረውም። ሁለተኛው ግኝታቸው ለእርስዎ ይበልጥ ያስፈልግዎታል፤ የተረፉት ዝንቦች ባክቴሪያውን ጨርሰው አላጠፉትም። መጠኑ ዝቅ ብሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ አብሯቸው ይኖራል።

ስለዚህ ከታመመ ሰፌድ የተረፈ ትል ጠንካራ ዘር ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም። ጥቂት ባክቴሪያ የበላ፣ ወይም አንጀቱ ያልቆሰለ፣ ወይም መከላከያው በአጋጣሚ ትንሽ ቀደም ብሎ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። የዘር ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። በፍራፍሬ ዝንብ ዲፕተሪሲን ላይ የአንድ አሚኖ አሲድ ልዩነት ብቻ ፕሮቪደንሲያ ሬትጌሪ የተባለውን ባክቴሪያ የመቋቋም አቅምን በእጅጉ እንደሚለውጥ በ2016 ታይቷል፤ አንዲት ፊደል ዝንቡን ልታድን ወይም ልትገድል ትችላለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዘር የሚመረጠው ግን ብዙ ቤተሰቦች ጎን ለጎን በእኩል ሁኔታ አድገው ሲነጻጸሩ ነው፤ በአንድ ክፉ ሳምንት የተረፈውን በማስቀረት አይደለም። ዘር የሚያስቀሩት ምንም ካልታመመበት ሰፌድ ይሁን። ከዚያም ላይ ከቻሉ የፓስተርን ዘዴ ይከተሉ፤ እናቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በጥቂት ውሃ ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ የፔብሪን ተዋሲ ከተገኘባት እንቁላሉ ይቃጠላል።

ትሉ እነዚህን ዘረ መሎች ሁልጊዜ ለምን አያስነሣቸውም? ዋጋ ስለሚያስከፍሉ ነው። በ2001 የዝንብን ዘረ መሎች በአንድ ጊዜ የለኩ ተመራማሪዎች ከ13,000 በላይ ከሆኑት መካከል በባክቴሪያና በፈንገስ ምክንያት መጠናቸው የተለወጠ 400 ያህል አገኙ፤ 230 ያህሉ ጨምረዋል፣ 170 ያህሉ ቀንሰዋል። የቀነሱት መኖራቸው ሰውነቱ ሌላውን ሥራ ትቶ ወደዚህ እንደሚዞር ያመለክታል። በ2000 ደግሞ ባምብልቢ በሚባሉት ትልልቅ ንቦች ላይ በሽታ የማያመጣ የባክቴሪያ ቁራጭ ተወግቶ ታየ። ምግብ ያገኙት አልተጎዱም። ምግብ የተከለከሉት ግን መከላከያቸው ካልተነሣባቸው ረሃብተኞች ቀድመው ሞቱ። ዝንብም መከላከያውን የሚያጠፉ ዘረ መሎች አሉት፤ ፔፕቲዶግሊካኑን ራሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመርታል፤ በአንጀቱ ውስጥ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ እንዳይነሣ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

እንግዲህ አዳማ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ምን ልታደርግ ትችላለች? ብዙ። ዘረ መሎቹን መቀየር አይችሉም፤ ባክቴሪያው የሚጀምርበትን ቁጥርና ትሉ የሚጀምርበትን አቅም ግን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። የእኛ ከተማ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ለኤሪ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ትሉ ይደክማል፤ ታጥቦ ሳይደርቅ የተሰጠ ቅጠልም ከኩሳቸው ጋር ተቀላቅሎ በሙቀቱ ይቦካል። ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ወይም ወፍራም የሣር ምንጣፍ ያድርጉ፤ ቅጠሉን አድርቀው ይስጡ፤ የተረፈውን ቅጠልና ኩስ በየቀኑ ያንሡ። በመጨረሻው ዕድሜያቸው አካላቸው ስለሚያድግ በዚያው ሰፌድ ላይ ይጣበባሉና ይክፈሏቸው። ቆዳ ሊቀይሩ ሲሉ መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ አይነካኩ፤ ከቀየሩም በኋላ ለምግብ አይቸኩሉባቸው፤ አብዛኞቹ ሲነቁ ይስጧቸው። የኖራ ዱቄት በሰፌዱ ላይ በስሱ መነስነስ እርጥበቱን ይቀንሳል። የታመመ ሲያዩ ቶሎ ያውጡት፤ አንድ የሞተ ትል የሚያፈሰው ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ከላይ ያሰላነውን 1,000 ነው የሚያስጀምረው። ሰፌዶቹን ከዙር ወደ ዙር በበረኪና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቋቸው።

ለመጀመሪያው ቁጥር ይህን ያህል የምጨነቀው ባክቴሪያውም ስለሚመልስ ነው። ባሲለስ ቱሪንጂንሲስ ሴክሮፒንንና አታሲን የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም እንዳለው በ1984 ታውቋል፤ ያውም በሴክሮፒያ የእሳት ራት ፕሮቲኖች ላይ ተፈትኖ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን የሚያመነጨው ኢንዛይም ጥቂት ነው፤ ሲበዛ ግን ትሉ በድካም ያመረተውን መሣሪያ እዚያው ደሙ ውስጥ ያጠፋበታል።

ክትባት ይቻላል ወይ ብለው ባይጠይቁኝም ከዚህ በኋላ ማሰብዎ አይቀርም። ቡማንና ባልደረቦቹ በ1972 ዝንቦችን ብዙም በማይጎዳ ባክቴሪያ ወግተው በኋላ ገዳዩን ሱዶሞናስ ሲወጓቸው ብዙዎቹ ተረፉ። እውነት ነው፤ ዘረ መሎቹ ቀድመው ተነሥተው ስለነበር ነው። ነገር ግን ይህ እንደ እኛ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም። በርቢ ላይ እያንዳንዱን ትል በመርፌ መውጋት ደግሞ አዲስ ቁስል መክፈት ነው፤ ትሉ ለሐሩ ሊያውለው የሚገባውን ፕሮቲንም ይወስዳል።

አንቲባዮቲኩን ይተዉት ያልኩት በሦስት ምክንያት ነው። መብላት ያቆመ ትል መድኃኒቱን አይበላም፤ ስለዚህ ለታመመው አይደርስም። ለጤነኛው ሲደርስ ደግሞ በአንጀቱ ያሉትን ጉዳት የማያመጡ ባክቴሪያዎች ጠርጎ መድኃኒቱን ለተላመደው ቦታ ይለቅለታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ በእጅዎ፣ በኩሱና ግቢው ውስጥ በሚደፋው ውሃ ወደ ቤተሰብዎ ሊመጣ ይችላል። ለልጅ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት በጉሎ ቅጠል ላይ ሲረጭ ማየት አልፈልግም።

እንደገና ከታየ ናሙና ያምጡልኝ፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በኤሪ ላይ ለዓመታት የሠራ ነውና እነሱንም ማማከር ይችላሉ። የሞተ ትል አያምጡ፤ ትሉ ከሞተ በሰዓታት ውስጥ የአንጀቱ ባክቴሪያ ሁሉን ስለሚወርሰው ገዳዩን ከሌላው መለየት አይቻልም። መብላት ያቆሙ፣ ግን ገና የሚንቀሳቀሱ ጥቂት ትሎች ይሁኑ። ከዚያው ሰፌድ ጤነኛ የሚመስሉትንም በሌላ ዕቃ ለብቻ ያድርጉ። ዕቃው አየር የሚያስገባ፣ ሥሩ ደረቅ ወረቀት የተነጠፈበት ይሁን፤ ጠዋት በቅዝቃዜው ይምጣ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ። ቅጠሉ የተለቀመበትን ቦታና አጠገቡ ያለው ማሳ መቼ በምን እንደተረጨም ጽፈው ያያይዙልኝ፤ ባሲለስ ቱሪንጂንሲስ ከሆነ ቀድሜ የምፈልገው ክሪስታሉን ነው፤ ያ በማይክሮስኮፕ በዚያው ቀን ይታያል።